ላሟ የበላችው

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሁለት እናቶች ልጅ ነው። አንደኛዋ በ1952 የተከፈተችው የእርሻ ትምህርት ቤት ናት፤ ሁለተኛዋ በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። በ1999 ተዋህደው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ፕሮጀክቶችና ጥናቶች በዚያው ስለሚቆጥሩ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ደባልቄ ላምታታችሁ አልፈልግም።) በየግንኙነታችን እንደምታዘበው ግን የሁለቱ እናቶች ልጆች አሁንም ጠረጴዛችን ለየብቻ ነው። ሐኪሞቹ ከሐኪሞቹ ጋር፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ልጆች ከየራሳቸው ጋር እንቀመጣለን።

እኔ ከጤናው ወገን ነኝ። ስለ ላም መጻፌ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እንዳያሰኝብኝ ብፈራም ወተት የሁለታችንም ጉዳይ ነው ብዬ ደፈርኩ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲተኛ መጀመሪያ የምንሰጠው ኤፍ 75 የተባለውን የሕክምና ወተት ነው፤ ሲያገግም ደግሞ ኤፍ 100። ሁለቱም ከወተት ዱቄት የሚሠሩ ናቸው፤ በእጃችን የሚገባውም ከባሕር ማዶ ተጭኖ የመጣ ነው። ይህ እንግዲህ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ባለበት አገር ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእኛ ይመስለኛል።

ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ላሞቻችን ዝርያቸው ለወተት አልሆነም። እውነት ነው፣ ከመቶ 97 በላይ የሚሆኑት ከብቶቻችን የአገር ዝርያ ናቸው፤ የሀበሻ ላም በአማካይ በቀን ሊትር ተኩል ገደማ ብትሰጥ ነው፣ እሱንም ለስድስት ለሰባት ወር። ታሪኩን ከመኖው በኩል ያነበበ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ከሰባ ዓመት በላይ የላሟን ደም ስንቆጥር ቆየን፤ ግማሽ ደም፣ ሦስት አራተኛ ደም፣ ንጹህ ደም እያልን። የበላችውን የቆጠረ ግን ጥቂት ነው።

ለሐኪሞቹ ከሚቀርበው ልጀምር። ስለ ቫይታሚን ስንማር ስለ ስከርቪ መርከበኞችና ስለ ቤሪቤሪ ዶሮዎች ተነግሮናል። ስለ ዊስኮንሲን ጊደሮች የሰማ ካለ ግን እጁን ያውጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የእንስሳት አመጋገብ የኬሚስቶች ግዛት ነበር። መኖውን ወስደው ፕሮቲኑን፣ ስቡን፣ ስታርቹን ይለካሉ፤ ቁጥሩ እኩል ከሆነ መኖው እኩል ነው ይላሉ። የወተት ቅባት መለኪያ ዘዴን የፈለሰፈው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ባብኮክ ይህ አልተዋጠለትም። በ1907 ባልደረቦቹ 16 ጊደሮችን በአራት ምድብ ከፍለው ሙከራ ጀመሩ። አንዱ ምድብ ከበቆሎ ተክል ብቻ፣ ሌላው ከስንዴ ብቻ፣ ሦስተኛው ከአጃ ብቻ፣ አራተኛው ከሦስቱም ተደባልቆ የተዘጋጀ መኖ ይበላል። በኬሚስቱ ሚዛን አራቱም ገበታ አንድ ነው።

እስከ 1911 በቆየው ሙከራ የበቆሎዎቹ ጊደሮች ወዛቸው አማረ፣ ጥጆቻቸውም ጤነኛ ሆነው ተወለዱ። የስንዴዎቹ ከሱ፤ ጥጆቻቸውም ጊዜያቸው ሳይደርስ፣ ወይ ሞተው ወይ ደክመው ተወለዱ። ሚዛኑ ያላየው ነገር ነበረ ማለት ነው። ከቡድኑ አንዱ የነበረው ኤልመር ማኮለም ያንን ነገር ሊፈልግ ከላም ወደ አይጥ ዞረ፤ በ1913 ከማርጋሪት ዴቪስ ጋር ሆኖ በቅቤና በእንቁላል አስኳል ውስጥ ያለውን፣ ዛሬ ቫይታሚን ኤ የምንለውን አገኘ። በየስድስት ወሩ ለሕፃናት የምናድለው እንክብል የዘር ሐረጉ ከከብት በረት ይነሳል።

ሁለተኛው የጋራ ዘመዳችን ማክስ ክላይበር ነው። ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ በ1929 ወደ ካሊፎርኒያው የዴቪስ የእርሻ ትምህርት ቤት ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1932 ያወጣው ጽሑፍ የእንስሳት ሁሉ የዕረፍት ጉልበት ከክብደታቸው ሦስት አራተኛ ኃይል ጋር እንደሚሄድ አሳየ። የመጀመሪያ ዓመት ፊዚዮሎጂ ላይ የተማርነው ነው። ክላይበር ግን ሥራውን የሠራው ለከብት አርቢ ነው። ላም የምትበላው መጀመሪያ ለራሷ ነፍስ ማቆያ ይውላል፤ ለልቧ፣ ለሳንባዋ፣ ለሙቀቷ። ወተት የሚሆነው ከዚያ የተረፈው ነው።

አሜሪካኖች ለወተት ላም በሚጠቀሙበት ቀመር ትንሽ ስሌት እንሥራ። 250 ኪሎ የምትመዝን የሀበሻ ላም ለነፍስ ማቆያ ብቻ በቀን 5000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ የተጣራ ጉልበት ትፈልጋለች። አንድ ሊትር ወተት 740 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ሊትር ስትሰጥ በድምሩ 6500 ገደማ ትጨርሳለች፤ ከበላችው ውስጥ ወተት የሆነው ከሩብ ያነሰ ነው። 400 ኪሎ የምትመዝን ድቅል ላም ለነፍስ ማቆያ ከ7000 በላይ ትፈልጋለች፤ አሥር ሊትር ከሰጠች ግን ከበላችው ግማሹ ወተት ሆነ ማለት ነው። 600 ኪሎ የምትመዝን ሆልስታይን በቀን 30 ሊትር ስትታለብ ሰባ ከመቶው ወተት ይሆናል። ለአንድ ሊትር ስናካፍለው የመጀመሪያዋ ከ3200 በላይ፣ ሁለተኛዋ ከ1500 በታች፣ ሦስተኛዋ ከ1000 ጥቂት በላይ ኪሎ ካሎሪ አወጣች። የግብርና ልጆች የመኖ አጠቃቀም ብቃት የሚሉት በግርድፉ ይኸው ነው። ሦስተኛዋ ላም የበለጠችው የተሻለ ስለምታላምጥ አይደለም፤ የነፍስ ማቆያ ወጪዋ ብዙ ሊትር ላይ ስለተበተነ ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት ገልብጡት። ለሁለቱም፣ ለሀበሻዋም ለድቅሏም፣ እኩል 8000 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ስጧቸው፤ የበጋ ጭድና ጥቂት ድርቆሽ እንበል። የሀበሻዋ ላም 3000 ይተርፋታል። ድቅሏ 850 ብቻ፤ አንድ ሊትር ቢሞላ ነው። ዘሯ ግን ስጪ ስለሚላት መጀመሪያ ከራሷ ስብና ጡንቻ ቀንሳ ትሰጣለች። ከዚያ ትከሳለች፣ ኮርማ መፈለግ ታቆማለች፣ ጥጃ ሳትይዝ ዓመት ሁለት ዓመት ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ መብላት አላቆመችም። ቤቱን ሸጦ ለውጦ «የፈረንጅ ላም» የገዛ ሰው ኪሳራው ከየት እንደመጣ የማይገባው ለዚህ ነው፤ ላሟ አልታመመችም፣ አልሞተችም።

ወደ ታሪኩ እንለፍ። ዘመናዊው የወተት ላም እርባታችን ልደቱ 1947 ነው ይባላል። ከጦርነቱ በኋላ አገሮችን ያቋቁም የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 ፍሪዢያንና ብራውን ስዊስ ላሞች ለኢትዮጵያ ሰጠ። አዲስ አበባ ሾላ ላይ የወተት ሥራ ተጀመረ፤ ኋላም በዩኒሴፍ እርዳታ ማቀነባበሪያው ተተከለ። ሾላ ወተት የምንለው ስም መነሻው ይህ ነው። ላሞቹ የመጡት ክሎቨር ሳርና የፋብሪካ መኖ ከሚበሉበት አገር ነው። እዚህ የጠበቃቸው የክረምት ግጦሽ፣ ድርቆሽና ጭድ ነበር። ለመንግሥት እርሻና በዋና ከተማዋ ዙሪያ ለነበሩ ባለሀብቶች ችግሩ የማይወጡት አልነበረም፤ ፍሩሽካና ፋጉሎ መግዛት ይችሉ ነበርና። ለገበሬው ግን መንገዱ እንዲህ አልነበረም።

ለገበሬው የተሞከረው አርሲ ላይ ነው። በ1967 በስዊድን የልማት ድርጅት በሲዳ ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በዘመኑ አጠራር ካዱ፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። የአርሲን ላም ከፍሪዢያን ጋር በሰው ሠራሽ ዘዴ እያዳቀለ ለገበሬ አከፋፈለ። ካዱን ከሌሎቹ የምለየው ከጊደሮቹ ጎን የመኖ ሥራም ስለነበረው ነው፤ የሳርና የመኖ ተክል ሙከራ ያካሂድ ነበር። በ1983 የወጣው የኢልካ ጥናት (ኢልካ ማለት በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው፣ የዛሬው ኢልሪ ወላጅ የሆነው የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ነው) የአርሲን ላሞች ሲመዝን አገሬዋ በአንድ የአለባ ዘመን 800 ኪሎ ገደማ፣ ግማሽ ፍሪዢያኗ ደግሞ ወደ 2000 ኪሎ እንደምትሰጥ አሳየ። ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ሰው ያስታወሰው ይህን ቁጥር ነው፤ ልክም ነው። ቁጥሩ የተለካው ግን ላሞቹ በእንክብካቤ በሚመገቡበት ቦታ መሆኑ ቶሎ ተረሳ።

በ1974 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በሆለታ፣ በባኮ፣ በአዳሚ ቱሉና በመልካ ወረር የማዳቀል ፕሮግራሙን ጀመረ። ቦረናን፣ ሆሮንና ባርካን ከፍሪዢያን፣ ከጀርሲና ከሲመንታል ጋር። የጅማ ሰው ሆሮን ያውቃታል፤ ቀይ፣ ታዛዥ፣ የምዕራቡ አገር ከብት ናት። በዚህ ዓይነት ሥራ ደጋግሞ የታየ አንድ ነገር ለሐኪም ጆሮ የሚጥም ነው። የመጀመሪያው ትውልድ፣ ግማሽ በግማሹ፣ ከወላጆቹ አማካይ ይበልጣል፤ ይህ የድቅል ብርታት ነው። ግማሽ ከግማሽ ጋር ሲዳቀል ግን ከዚያ ብርታት ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ወደ ላይ ይሮጣል፤ ሦስት አራተኛ፣ ሰባት ስምንተኛ። ደሙ በጨመረ ቁጥር አካሏም ይጨምራል፣ የነፍስ ማቆያዋም ይጨምራል፤ የበረቱ ጭድ ግን ያው ጭድ ነው። በገበያ ላይ «75 ፐርሰንት ናት» ተብላ የምትሸጥ ጊደር ፐርሰንቷን የሚያረጋግጥ መዝገብ እንኳ ብዙ ጊዜ የላትም።

ሆለታ ላይ የተሠራና በጣም የምወደው ሌላ ሙከራ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች እንዲህ ብለው ጠየቁ፤ ገበሬው ለእርሻ በሬ ይመግባል፣ ለወተት ላም ይመግባል፤ ድቅሏ ላም ብታርስስ? አንድ ነፍስ ማቆያ ተቆጠበ ማለት ነው። ሐሳቡ በአገሬው ዘንድ ነውር ነበር፤ ላም መጥመድ! ሙከራው ግን በጥንቃቄ ተካሄደ። ተጨማሪ መኖ ያገኙት ላሞች አርሰውም ታልበውም፣ ዘግየት ቢሉም ጥጃ ያዙ። ተጨማሪ መኖ ያላገኙት ከሱ፣ ኮርማ መፈለግም አቆሙ፤ ያላረሱት ሳይቀሩ። ከሥራው ይልቅ ረሃቡ ነበር የጎዳቸው። ላም ማረስ በገበሬው ዘንድ አልተለመደም፤ ከዚያ ሙከራ እኔ የምይዘው ይህን ሁለተኛውን ግኝት ነው።

ማዳቀሉ በበኩሉ ተቋም አገኘ። በ1981 ቃሊቲ ላይ ብሔራዊው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተቋቋመ፤ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጂን ተቀዝቅዞ፣ አዳቃዩ በሞተር ብስክሌት ይዞት እስከ ወረዳ ይደርሳል። ለደም ፋብሪካ፣ መጋዘንና ባለሙያ ተመደበለት። ለመኖ ይህን የሚያህል የመንግሥት ክንድ መቼም አልተመደበለትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ብድር የመኖ ሥራ በሰፊው ተሞክሮ ነበር፤ በጓሮ መኖ መትከል፣ በሰብል ስር መዝራት፣ የመኖ ዛፍ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ግማሽ ሄክታር ለያዘ ገበሬ ለሳር መሬት ልቀቅ ማለት ለልጁ ጤፍ ቀንስ ማለት ነው፤ ይህን ጤፍ የማይበላ ባለሙያ ብቻ ነው የሚረሳው።

የተሻለ የሠራው ሰላሌ ነው። በ1987 በፊንላንድ እርዳታ የሰላሌ ገበሬዎች የወተት ልማት ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ድቅል ላም፣ መኖ፣ ሕክምናና የወተት መሸጫ ገበያ አንድ ላይ ይዞ። ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት የሚጠጣው ወተት ከፍቼና ከአካባቢው የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ድርቆሽ ማጨድ ሰላሌ ላይ የቆየ ባህል ነው፤ ፕሮጀክቱ ያረፈው ሳር ማስቀመጥ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ነበር።

ከፊንላንድ ሳንወጣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። አርቱሪ ቪርታነን በ1945 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው በዋናነት መኖ በማስቀመጥ ዘዴው ነው። እርጥብ ሳር በአሲድ ተደርጎ ሳይበላሽ ክረምቱን ይወጣል። ለከብት መኖ ኖቤል! ይኸው ሰው በ1960ዎቹ ላሞችን ፕሮቲን በሌለው መኖ፣ ናይትሮጂኑን ከዩሪያና ከአሞኒየም ጨው ብቻ እየሰጠ አኖራቸው፤ ጥጃ ወለዱ፣ ወተትም ሰጡ። እኛ ሐኪሞች ዩሪያን የምናውቀው በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ፣ ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚል ቆሻሻ አድርገን ነው። ለላም ግን ትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ዩሪያውን ወስደው የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠሩበታል፤ እሷ ደግሞ እነሱን ትፈጫለች። እንዲያውም የራሷን ዩሪያ በምራቋ መልሳ ወደ ጨጓራዋ ትልካለች። ኔፍሮሎጂስት ጓደኞቼ እንዲቀኑባት ነው የምጽፈው።

ይህ ነገር ለእኛ ጭድ በቀጥታ ይሠራል። የጤፍና የስንዴ ጭድ ፕሮቲኑ ከመቶ አራት አምስት ነው፤ ተሕዋስያኑ ደግሞ በደንብ ለመሥራት ከመቶ ሰባት ያህል ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች ሲሆን ጭዱን የሚያፈርሰው ሠራተኛ ራሱ ተርቧል፤ ጨጓራዋ እንደሞላ ላሟ ትራባለች። በመቶ ኪሎ ጭድ ላይ አራት አምስት ኪሎ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ይረጭና በፕላስቲክ ታፍኖ ሦስት ሳምንት ይቆያል። አሞኒያው ጭዱን ያለሰልሰዋል፣ ናይትሮጂንም ይጨምርለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በየፕሮጀክቱ ታይቷል፤ ይሠራል። ሆኖም አልተስፋፋም። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ ዩሪያ በዕዳ የሚገዛ የማሳ ማዳበሪያ ነው፤ በደንብ ያልተበጠበጠ ዩሪያ የላሰች ላም ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። አንዲት ላም የሞተችበት መንደር ለሃያ ዓመት አይረሳውም።

በከተማና በከተማ ዳር ያሉ አርቢዎች ታዲያ ፕሮቲኑን ከፋጉሎ ያገኛሉ፤ በተለይ ከኑግ ፋጉሎ። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ይህ ቅሪት ፕሮቲኑ ከመቶ 30 ገደማ ነው። ከፍሩሽካ ጋር ተደባልቆ፣ ካለም አተላ ተጨምሮበት ይቀርባል። በወተቱ ላይ ያለው ውጤት በሁለት በሦስት ቀን ይታያል፤ ባለ ላሞቹም ከማንም ተመራማሪ በፊት ያውቁታል። ጾም ሲገባ ወተት ገዢ ያጣል፣ የፋጉሎ ዋጋ ግን አይጾምም፤ ላሟም አትጾምም። በዓቢይ ጾም ወቅት መኖ የሚቀንስ አርቢ ከፋሲካ በኋላ ወተቱ ለምን እንዳልተመለሰለት ይገረማል።

ከፋጉሎው ጋር ግን የእኔ ሙያ ጉዳይ መጣ። በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። መንስኤው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበር፤ በላዩ የበቀለው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበትን ይመርዛል፣ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይበዛል። ላም አፍላቶክሲን ቢ1 ስትበላ ጉበቷ ለውጦ ከፊሉን በወተቷ ታወጣዋለች። ኤም1 የተባለው ለዚህ ነው፤ ኤሟ በእንግሊዝኛ የወተት መነሻ ፊደል ናት። ማፍላት አያጠፋውም።

በ2014 እና 2015 በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የወተት እርባታዎች ተመርምረው ውጤቱ በ2016 ታተመ። ከ110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት ገደብ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ውስጥ የነበሩት 9 ብቻ ናቸው። የአሜሪካውን አሥር እጥፍ የላላ ገደብ እንኳ ያለፉት 29 ነበሩ። በተመረመረው መኖ ሁሉ አፍላቶክሲን ተገኘ፤ ዋናው ተጠያቂም የኑግ ፋጉሎ ሆነ። ይህን ያነበብኩ ዕለት ወተት አትስጡ አላልኩም፣ አሁንም አልልም። ወተት ያጣ ሕፃን ላይ የሚደርሰውን በየቀኑ አያለሁ፤ የወተቱ ጥቅም ጎልቶ ይታየኛል። የምለው ሌላ ነው። በዝናብ ወራት በጆንያ ታስሮ ምድር ላይ የተቀመጠ ፋጉሎ የእንስሳት ሐኪሙ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ላሟ የበላችው ጡጦው ውስጥ ነው።

የዓለምን መንገድ በአጭሩ ልጥቀስ፤ ለንጽጽር ያህል ነው። አሜሪካ በ1944 ከ25 ሚሊዮን በላይ የወተት ላም ነበራት፤ በ2007 ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ ቀሩ፣ ወተቱ ግን ጨመረ። በተጠና ግምት የ2007ቷ ላም ለአንድ ሊትር የፈለገችው መኖ የ1944ቷ ከፈለገችው ሩብ እንኳ አይሞላም። ማዳቀሉና መኖው በአንድ ፍጥነት ስለሄዱ የሆነ ነው። መርጠው ሲያራቡ ወተትን ብቻ ስላዩ ግን ዋጋም ከፈሉ፤ ጥጃ መያዝ ከበዳቸው፣ ከወለዱ በኋላ ኪቶሲስ በዛ። ኪቶሲስ የስኳር ሕመምተኛ ላይ የምናየው ዓይነት ነገር ነው፤ ላሟ የራሷን ስብ እያነደደች ትታለባለች። ከ2009 ጀምሮ ኮርማን በዘረ መል ምርመራ መምረጥ በይፋ ገባ፤ በታኅሣሥ 2020 ደግሞ ልጆቹ ምን ያህል መኖ እንደሚቆጥቡ የሚገምት ነጥብ ለኮርማ መስጠት ተጀመረ። ያንን ነጥብ ለማውጣት በሺህ የሚቆጠሩ ላሞች እያንዳንዳቸው የበሉት በየቀኑ በሚዛን ተለክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ያ የኮርማ ዘር ተገዝቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ የመኖ ቁጠባው የተለካው በቀን ከሃያ ኪሎ በላይ ደረቅ መኖ፣ እህልም ጨምሮ በምትበላ ላም ላይ መሆኑን ማን ይነግረናል? ጭድ ላይ ቆጣቢ የሆነችው ላም ያቺው ናት ብሎ መገመት ድፍረት ነው። ኢልሪ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የገበሬውን ድቅል ላም በራሱ በረት እየመዘገበ፣ ከዚያው ውስጥ ለዚህ መሬት የሚሆኑትን የሚለይበት ፕሮጀክት ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ጀምሯል። ከ1947 ወዲህ ከተሠራው ሁሉ እኔን የሚያጓጓኝ ይህ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የላሟ ግምት ከፐርሰንቷ ሳይሆን እዚሁ ከሠራችው ሊጀምር ነው።

ሣርም እንዲሁ ከእኛ ዘንድ አለ። ከዚህ አገር የወጣው ቡና ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከእኛም ጭምር፣ የተሰበሰቡ የብራኪያሪያ ሣሮች ኮሎምቢያ ሄደው ተዳቅለው፣ ዘራቸው በገንዘብ ተገዝቶ ተመልሷል። የቼንቻው ደሾ ግን እዚሁ አለ፤ እርከን ላይ ይተከላል፣ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶ ለላም ይቀርባል፤ ከጤፉም መሬት አይሻማም። የጅማና የጉራጌ እናቶች ደግሞ የእንሰት ቅጠል በበጋ ላም እንደሚያቆይ ከድሮም ያውቃሉ።

ሐኪም ነኝና ስለ መለኪያ ሳልል አላልፍም። ገበሬው በረት ውስጥ ሚዛን አይገባም። እኛም ሕፃኑን በየቤቱ መመዘን ስላልቻልን ነው የክንድ መለኪያዋን ጥብጣብ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሰጠናቸው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ለላምም የዚያ ዓይነት አለ። በደረቷ ዙሪያ የሚጠመጠም ሜትር ክብደቷን ይገምታል፤ የዳሌና የጎድን አጥንቷን በእጅ ዳስሶ ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት ደግሞ ከበላችው ምን እንደተረፋት ይነግራል። የእንስሳት ሕክምና ልጆች ይህን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያውቁታል። ያንን ነጥብ ከወለደች በኋላ ባሉት ሦስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ የሚወስድ አርቢ፣ ያለችውን ጥቂት ፋጉሎ ለየትኛዋ ላም መስጠት እንዳለበት ይለያል፤ አንድ ኪሎ መኖ ብዙ ወተት የሚመልሰው በእነዚያ ወራት ነውና። አብዛኛው በረት ግን ለታላቢዋም ለደረቀችውም እኩል ይሰፍራል።

ውሃንም እንዲሁ። ከወተት ውስጥ ከመቶ 87ቱ ውሃ ነው። አሥር ሊትር የምትታለብ ላም በቀን ከ50 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች፤ ጭድ ስትበላ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በከተማው ጠባብ በረት ታስራ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ባልዲ ብቻ የሚቀርብላት ላም፣ ፋጉሎ ቢጨመርላትም መብላቷን ትቀንሳለች። የጠጣችውንና ያወጣችውን በወረቀት ጽፈን ብንደምረው፣ በእኛ ዋርድ ቢሆን ኖሮ በዚያው ሌሊት ግሉኮስ የምንሰቅልላት በሽተኛ ናት።